ሰባት የድሮ ጌም ኮንሶል በአንድ ቲቪ፦ መቀያየሪያው፣ ስኬለሩ፣ አዳፕተሩ

አሮጌ ካሴት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቲቪው አንድ ነው፣ ኮንሶሎቹ ሰባት፦ ኤንኢኤስ፣ ሜጋ ድራይቭ ሞዴል 1፣ ሱፐር ኔንቴንዶ፣ ኔንቴንዶ 64፣ ፕሌይስቴሽን 1፣ ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 2 እና ድሪምካስት። ከሜጋ ድራይቩ በቀር ሁሉም የአሜሪካ ናቸው፣ በስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር ነው የሚሠሩት። ቲቪው ፍላት ነው፤ ሦስት ኤችዲኤምአይ እና አንድ ቢጫ-ነጭ-ቀይ የኤቪ መግቢያ አለው። አንዱን ኤችዲኤምአይ የዲሽ ሪሲቨሩ ይዞታል።

አሁን ኤንኢኤሱና ሜጋ ድራይቩ በዋይ ገመድ ተያይዘው ወደ ኤቪው ይገባሉ። የቀሩት በየተራ እየተነቀሉ ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ በምትቀይር ትንሽ ርካሽ ሳጥን ያልፋሉ። በዋይ የተያያዙት ሥዕላቸው ጨለም ይላል። በሳጥኗ የሚያልፉት ደግሞ ቁልፍ ከተጫኑ በኋላ ዘግይተው ነው የሚዘሉት፣ ብልጭ ድርግም የሚሉ ጥላዎችም አንዳንዴ ጭራሽ አይታዩም። በሁሉም ላይ ዝዝዝ የሚል ድምፅ አለ።

የምፈልገው ምንም ሳልነቅል ቁልፍ እየተጫንኩ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ነው። ምን ልግዛ? በምንስ ቅደም ተከተል ላገናኘው?


ሽቦ ፈቺ

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ያቺን የዋይ ገመድ ንቀላት። የአንድ ኮንሶል ድምፅ ለሁለት መግቢያ ማካፈል ችግር የለውም። የሁለት ኮንሶል ቪዲዮ ወደ አንድ መግቢያ መጨመር ግን አይሆንም። የቪዲዮ መስመር በሁለቱም ጫፉ 75 ኦም እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚሠራው። ያልበራው ኮንሶል ከመስመሩ ጋር እንደተያያዘ ስለሚቆይ ተጨማሪ ጭነት ይሆናል፣ የበራው የሚልከው ሲግናል ይከፈልበታል፤ ሥዕሉ የጨለመው ለዚህ ነው። ሁለቱም አብረው ከበሩማ ሥዕሎቹ ይደራረባሉ።

መዘግየቱ ሌላ ጉዳይ ነው። የድሮው የቲቪ ሲግናል 480አይ ይባላል፤ ሥዕሉ በሁለት ግማሽ ተከፍሎ፣ አንዱ ግማሽ የሌላውን ክፍተት እየሞላ ይላካል። አብዛኞቹ የድሮ ጌሞች ግን አንዱን ግማሽ ብቻ በሰከንድ 60 ጊዜ ይደጋግማሉ። 240ፒ የሚባለው ይህ ነው። ርካሽ ሳጥኖች ይህን አይለዩም። 480አይ ነው ብለው ግማሾቹን ለማጋጠም ፍሬም ያጠራቅማሉ። አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ የሳጥኗ መዘግየት በቲቪው ላይ ሲጨመር እጅህ ላይ ይታወቅሃል። ጥላዎቹም የሚጠፉት በዚሁ ምክንያት ነው። የጌሙ ሠሪዎች ጥላውን በአንዱ ፍሬም አብርተው በሚቀጥለው ያጠፉታል፣ ዓይን አሳላፊ አድርጎ እንዲያየው። ሳጥኗ ሁለቱን ፍሬሞች ስታጋጥም ጥላው ወይ ማበጠሪያ የመሰለ መስመር ይሆናል፣ ወይ ይጠፋል።

ስለዚህ የሚያስፈልግህ 240ፒን የሚያውቅ አንድ ስኬለር (የድሮውን ሲግናል ለፍላት ቲቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ሳጥን)፣ ከእሱ በፊት ደግሞ ሁለት መቀያየሪያ ሳጥን ነው። ለየኮንሶሉ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ነገር መግዛት ገንዘብ መበተን ነው፤ ጥሩ ስኬለር አንድ ይበቃል፣ ሁሉም በእሱ ያልፋል።

ስኬለሩን ስትመርጥ የሚቀበለውን የሲግናል ዓይነት እይ። ኦኤስኤስሲ መዘግየቱ የማይታወቅ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ግን ስካርት (የአውሮፓው ባለ 21 ፒን መሰኪያ)፣ ኮምፖነንት (ሥዕሉ በሦስት ገመድ የሚላክበት) እና ቪጂኤ እንጂ ቢጫውንም (ኮምፖዚት የሚባለውን)፣ ኤስ-ቪዲዮንም (ብርሃንና ቀለም ለየብቻ የሚላክበትን) በራሱ አይቀበልም። ላንተ ስብስብ የሚስማማው እንደ ሬትሮቲንክ 2ኤክስ ፕሮ ያለ ኮምፖዚት፣ ኤስ-ቪዲዮ እና ኮምፖነንት የሚቀበል ነው። አቅም ካለ ሬትሮቲንክ 5ኤክስ ስካርትም ይጨምርልሃል፣ 1080ፒም ይሰጣል።

አሁን ኮንሶሎቹን በሚያወጡት ሲግናል ለያቸው። ኤንኢኤስ ያለው ቢጫው ብቻ ነው። ሜጋ ድራይቭ ቢጫና አርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለየብቻ የሚላኩበት) እንጂ ኤስ-ቪዲዮ የለውም። ሱፐር ኔንቴንዶ፣ ኔንቴንዶ 64 እና ድሪምካስት ኤስ-ቪዲዮ ያወጣሉ። ፕሌይስቴሽን 2 ኮምፖነንት ያወጣል። ፕሌይስቴሽን 1ን ከሰልፉ ብታወጣው ይሻላል፤ ፕሌይስቴሽን 2 ከጥቂቶቹ በቀር ዲስኮቹን ያጫውታል፣ በኮምፖነንት 240ፒ አድርጎ ይልካል፣ የፕሌይስቴሽን 1 ሚሞሪ ካርድም በራሱ ቀዳዳ ይገባል። አንድ ገመድ ተቀነሰልህ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሳጥን ባለ 4 መግቢያ የኮምፖነንት መቀያየሪያ ይሁን፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ከዚያ ለድምፅ ነጭና ቀይ ያለው። ሁለተኛው ባለ 4 መግቢያ የኤስ-ቪዲዮ መቀያየሪያ። ሁለቱም በጣት የሚጫኑ፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልጉ ቢሆኑ ይበቃል።

አገናኙ እንዲህ ነው። በኮምፖነንቱ ሳጥን 1 ላይ ፕሌይስቴሽን 2 በአምስቱም ገመዶቹ። 2 ላይ ሜጋ ድራይቭ፣ 3 ላይ ኤንኢኤስ፤ የሁለቱ ቢጫ ገመድ አረንጓዴው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ቀለሙ ለዓይን ምልክት ነው እንጂ ሽቦው ያው 75 ኦም ነው። የሳጥኑ መውጫ ወደ ስኬለሩ የኮምፖነንት መግቢያ ይሄዳል። ይህ የሚሠራው ስኬለሩ ቢጫውን በአረንጓዴው ቀዳዳ የሚጋራ ከሆነ ነውና ከመግዛትህ በፊት ጀርባውን አረጋግጥ።

በኤስ-ቪዲዮው ሳጥን 1፣ 2፣ 3 ላይ ሱፐር ኔንቴንዶ፣ ኔንቴንዶ 64፣ ድሪምካስት። የዚህ ሳጥን ቪዲዮ በቀጥታ ወደ ስኬለሩ ኤስ-ቪዲዮ መግቢያ ይገባል። ድምፁ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል፤ ስኬለሩ አንድ ጥንድ የድምፅ መግቢያ ብቻ ካለው ሁለቱን ሳጥኖች በዋይ እንዳታያይዛቸው። የኤስ-ቪዲዮውን ሳጥን ነጭና ቀይ የድምፅ መውጫ ወስደህ በኮምፖነንቱ ሳጥን 4ኛ መግቢያ የድምፅ ቀዳዳዎች ላይ ሰካ፣ የዚያን መግቢያ ሦስቱን የቪዲዮ ቀዳዳዎች ባዶ ተዋቸው። ኔንቴንዶ 64 ለመጫወት በኤስ-ቪዲዮው ሳጥን 2ን፣ በኮምፖነንቱ ሳጥን 4ን ትጫንና ስኬለሩን ወደ ኤስ-ቪዲዮ ታዞራለህ። ሥዕሉ በአንድ መንገድ፣ ድምፁ በሌላ መንገድ መጥተው ስኬለሩ ላይ ይገናኛሉ።

የፕሌይስቴሽን 2ን ገመድ ወደ ኮምፖነንት ከመቀየርህ በፊት በቢጫው ገመድ እንዳለ አብራው፤ ሲስተም ኮንፊገሬሽን ውስጥ ገብተህ ኮምፖነንት ቪዲዮ አውት የሚለውን ከአርጂቢ ወደ ዋይ ሲቢ ሲአር ቀይር። አርጂቢ ላይ ከቀረ ቀለሙ ተበላሽቶ ይመጣል፣ ሰውም ገመዱ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል።

መቀያየሪያ ሳጥን ሲግናል አይቀይርም፣ የገባውን ነው የሚያስወጣው። በኤስ-ቪዲዮ የገባ በቢጫው መውጫ አይወጣም። ቢጫም ኤስ-ቪዲዮም ያለው ሳጥን ገዝቶ መውጫውን በቢጫ ብቻ ያገናኘ ሰው ጥቁር ስክሪን የሚያየው ለዚህ ነው።


ትራንስፎርመር

ሽቦ ፈቺ ያለው እንዳለ ሆኖ፣ ይህን ሁሉ አንድ ቦታ ስትሰበስብ ትልቁ አደጋ የቪዲዮው ገመድ ሳይሆን የመብራቱ ነው።

የኤንኢኤስ አዳፕተር 9 ቮልት ኤሲ ነው የሚያወጣው፣ ዲሲ አይደለም። የሜጋ ድራይቭ ሞዴል 1 አዳፕተር 9 ቮልት ዲሲ ነው፣ የሶኬቱ ውስጠኛው ኔጌቲቭ። የሁለቱ ሶኬት መጠን አንድ ስለሆነ አንዱ ሌላው ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። የሜጋ ድራይቩን አዳፕተር ኤንኢኤስ ላይ ብትሰካ ይሠራል፤ ኤንኢኤስ ውስጡ ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይር) ስላለው ኤሲም ዲሲም ይቀበላል። የኤንኢኤሱን ሜጋ ድራይቭ ላይ ብትሰካ ግን ኤሲ በቀጥታ ወደ ሬጉሌተሩና ወደ ካፓሲተሮቹ ይሄዳል፣ ማሽኑንም ሊያቃጥለው ይችላል። ሁለቱ አዳፕተሮች ላይ የተለያየ ቀለም ቴፕ ጠቅልል፣ ያንኑ ቀለም ኮንሶሉ ቀዳዳ አጠገብ ለጥፍ። የሜጋ ድራይቭ ሞዴል 2 አዳፕተርም ለሞዴል 1 አይሆንም፤ ሶኬቱም ፖላሪቲውም ይለያል።

ሁለተኛው ወጥመድ ፕሌይስቴሽን 1፣ ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 2 እና ድሪምካስት ናቸው። ሦስቱም ፓወር ሰፕላያቸው ውስጣቸው ነው፣ የሚጠቀሙትም በሬዲዮና በቴፕ ላይ የምናውቀውን ባለ 8 ቅርፅ ገመድ ነው። የአሜሪካዎቹ 120 ቮልት ናቸው። ገመዱ ከየትኛውም ስለሚገጥም ቤት ውስጥ የተገኘውን አንስቶ 220 ላይ መሰካት ቀላል ነው፤ ማሽኑ በዚያው ይቃጠላል። ሁለት የተለያዩ ዲቫይደሮች ይኑሩህ፤ አንዱ ከስቴፕ ዳውኑ የሚወጣ ለአሜሪካዎቹ ብቻ፣ ሌላው ከግድግዳው በቀጥታ ለቲቪው፣ ለስኬለሩና ለሜጋ ድራይቩ። የመጀመሪያው ላይ 120 ብለህ በትልቁ ጻፍበት።

በአንድ ጊዜ የሚበራው አንድ ኮንሶል ስለሆነ 300 ዋት ትራንስፎርመር ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ተጫውተህ ስትጨርስ ግን ዲቫይደሩን ከማብሪያ ማጥፊያው አጥፋው፤ የኤንኢኤስና የሱፐር ኔንቴንዶ አዳፕተሮች ኮንሶሉ ቢጠፋም ሲሞቁ ይውላሉ።

ስኬለሩን ከቲቪው ዩኤስቢ ቀዳዳ አታብራው። አንዳንድ ቲቪ ላይ ጉልበቱ አይበቃም፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ የቲቪው የውስጥ ጩኸት በዚያ በኩል ሥዕሉ ላይ ይገባል። የራሱ ባለ 5 ቮልት፣ ቢያንስ 1 አምፔር ቻርጀር ስጠው።


21 ፒን

ለሜጋ ድራይቭ ግን ቢጫው በቂ ነው የሚለውን አልቀበልም። ከኮንሶሎቹ ሁሉ የቢጫው ሥዕል የሚያሳዝነው የሜጋ ድራይቭ ነው፤ በጠርዞች ላይ የቀስተ ደመና ሽንትር ይታያል፣ ጽሑፉ ይደበዝዛል። ማሽኑ ግን ጥሩ አርጂቢ ከፋብሪካው ይዞ ወጥቷል፣ አለመጠቀም ያስቆጫል።

ይህን ለማድረግ የስካርት ሥርዓት ለብቻ መዘርጋት አያስፈልግም። አርጂቢውን በገመዱ ውስጥ ባለ ትንሽ ሰርኪዩት ወደ ኮምፖነንት የሚቀይሩ ገመዶች አሉ፤ የታወቁት የኤችዲ ሬትሮቪዥን ናቸው። ለሜጋ ድራይቭ የተሠራው የሞዴል 2ን ባለ 9 ፒን ሶኬት ስለሚይዝ፣ ለሞዴል 1 ባለ 8 ፒን ማስማሚያ አብሮ ያስፈልጋል። ያኔ ሽቦ ፈቺ ባለው ሳጥን 2ኛ መግቢያ ላይ ቢጫው ወጥቶ ሦስቱም ቀለማት ይገባሉ፣ ሌላው አይነካም። ድምፁን ከፊት ካለው የሄድፎን ቀዳዳ ውሰድ፤ በሞዴል 1 ላይ ስቴሪዮ የሚወጣው ከዚያ ብቻ ነው፣ የጀርባው ሞኖ ነው። የድምፅ ማንሸራተቻውን እስከ ጫፍ አትግፋው፣ ድምፁ ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር ግን እወቅ፤ አንዳንድ የሜጋ ድራይቭ ጌሞች ፏፏቴና ጭስ የሚሥሉት ቀጥ ያሉ ቀጫጭን መስመሮችን በመደርደር ነው። ቢጫው ሲያደበዝዛቸው ውኃው አሳላፊ ይመስላል፣ በንጹሕ አርጂቢ ግን መስመሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ያኔ ገመዱ ተበላሸ አትበል።

ስካርት የሚመርጥ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። የጃፓኑ ባለ 21 ፒን አርጂቢ ሶኬት ከአውሮፓው ስካርት ጋር በመልክ አንድ ነው፣ የፒኖቹ ሥራ ግን የተለያየ ነው። ሳያስተውሉ ማጋጠም መሣሪያ ያበላሻል። የሱፐር ኔንቴንዶ ሶኬት 3ኛ ፒንም በአሜሪካው ላይ ሲንክ (የሥዕሉን ጊዜ የሚያስተካክል ሲግናል) ነው፣ በአውሮፓው ፓል (የአውሮፓ የቲቪ ሥርዓት) ማሽን ላይ 12 ቮልት። ለአሜሪካው ተብሎ ሲንክን ከዚያ ፒን የሚወስድ ገመድ ፓል ማሽን ላይ ከተሰካ ያ 12 ቮልት ወደ ስኬለሩ የሲንክ መግቢያ ይሄዳል።


ሽቦ ፈቺ

21 ፒን ያልከው ልክ ነው፣ ለሜጋ ድራይቭ ገመዱ ያዋጣል። መጀመሪያ ግን በቢጫ ሁሉንም አገናኝቶ መንገዱ መሥራቱን ማየት፣ ገመዱን ከዚያ በኋላ መግዛት ይሻላል።

ስለ ዝዝዝታው። የዲሹን ኮአክሲያል ገመድ ከሪሲቨሩ ጀርባ ንቀልና አዳምጥ። ዝም ካለ ግራውንድ ሉፕ (መሣሪያዎች ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ከመሬት ጋር ሲያያዙ የሚመጣ ዝዝዝታ) ነው፤ የዲሹ ብረት ከመሬት ጋር የተያያዘ ስለሆነ በሪሲቨሩ ኤችዲኤምአይ በኩል ከቲቪው ግራውንድ ጋር ተገናኝቷል። የዲሹ መስመር ላይ ማግለያ ማስገባት አያዋጣም፣ ለኤልኤንቢው የሚሄደውን መብራት ይቆርጣል። ከኮምፖነንቱ ሳጥን ወደ ስኬለሩ በሚሄደው ነጭና ቀይ ድምፅ ላይ ትንሽ የድምፅ ግራውንድ ማግለያ አስገባ፤ ለመኪና ቴፕ የሚሸጠው ዓይነት ይሠራል። ዲሹን ነቅለህም ከቀጠለ ኮንሶሎቹን ከሳጥኑ አንድ በአንድ እየነቀልክ ሞክር። የአንዱ ሲነቀል የሚቆም ከሆነ የእሱ ገመድ ቀጭን፣ መከላከያ የሌለው ነው፤ ነጭ የበዛበት ስክሪን ሲመጣ ድምፁ የሚጨምር ከሆነ ደግሞ ቪዲዮው ወደ ድምፁ ሽቦ እየፈሰሰ ነው። ገመዱን ቀይረው፣ ከ2 ሜትር አታስረዝመው።

ኤንኢኤስ ድምፁ ሞኖ ነው፣ አንድ ቀዳዳ ብቻ። እዚህ ጋ ነው ዋይ የሚፈቀደው፤ አንዱን ድምፅ ለነጭና ለቀይ አካፍልበት።

የቲቪው ቅንብር የሚነካው አንዴ ብቻ ነው፦ ስኬለሩ የተሰካበት ኤችዲኤምአይ ላይ ጌም ሞድ አብራ፣ ቅርፁን 4፡3 አድርግ፣ ሻርፕነስን ዝቅ፣ የድምቀትና የጩኸት ማስተካከያ የሚሉትን ሁሉ አጥፋ። 16፡9 ላይ ከተውከው ክብ ኳስ ሞላላ ይሆናል።


ባለ ቱቦው

የጌም ሽጉጥ (ስክሪኑ ላይ የሚተኮስበት መጫወቻ) ያለው ሰው አንድ ባለ ቱቦ ቲቪ ያስቀር። የኤንኢኤስ ሽጉጥ ስክሪኑ በበራበት ቅጽበት ብርሃኑን መያዝ አለበት፤ ፍላት ቲቪ የትኛውም ስኬለር ቢገባ ያን ያህል ፈጥኖ አያበራም። አንዳንድ የፕሌይስቴሽን 1 ሽጉጦችም ከቢጫው መስመር ጋር ተያይዘው የስክሪኑን ሰዓት ይለካሉ፣ ከባለ ቱቦ ውጪ አይሠሩም።

የአሜሪካ ማሽን ፓል ብቻ በሚያውቅ ባለ ቱቦ ቲቪ ላይ በቢጫው ሲሰካ በጥቁርና ነጭ ነው የሚመጣው። ማሽኑ አልተበላሸም። በሪሞቱ የቀለም ሲስተም ውስጥ ኤንቲኤስሲ 3.58 የሚል ካለ እሱን ምረጥ። ከሌለ በአርጂቢ መግባት ብቻ ነው መፍትሔው፣ አርጂቢ የቀለም ሲስተም አይጠይቅም።


አሮጌ ካሴት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንደተባለው ተገናኝቷል፤ መዘግየቱ የለም፣ ዝዝዝታውም የዲሹ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ኔንቴንዶ 64 ነው። በኤስ-ቪዲዮ ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፣ ግን በጥቁርና ነጭ። ሱፐር ኔንቴንዶው በዚያው ሳጥን ባለ ቀለም ነው።


ሽቦ ፈቺ

ሱፐሩ ባለ ቀለም ከሆነ ከሳጥኑ እስከ ስኬለሩ ያለው መንገድ ደህና ነው፤ ችግሩ በ64ቱ ገመድ ወይም በሳጥኑ 2ኛ መግቢያ ላይ ነው። ኤስ-ቪዲዮ ብርሃንና ቀለምን ለየብቻ በሁለት ሽቦ ይልካል። ብርሃኑ ደርሶ ቀለሙ ሲቀር ያየኸው ይሆናል።

መጀመሪያ የ64ቱን መሰኪያ ንቀልና ፊት ለፊት ተመልከተው። አራት ቀጫጭን ፒን አሉት፤ ሲገባ ተገፍቶ የተጣመመ ካለ በቀጭን መርፌ ቀስ ብለህ አቅናው። ሁሉም ቀጥ ካሉ የሱፐሩን ገመድ 64ቱ ላይ ሰካው፤ ሁለቱም የአሜሪካ ስለሆኑ ሶኬታቸው አንድ ነው። በሱፐሩ ገመድና በ1ኛ መግቢያ ቀለም ከመጣ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ያንኑ ገመድ 2ኛ መግቢያ ላይ አዙረው። እዚያም ከመጣ ጥፋተኛው የ64ቱ ገመድ ነው፣ ካልመጣ የሳጥኑ ቀዳዳ ነው፤ 4ኛው ባዶ ስለሆነ ወደዚያ አዛውረው።

አዲስ ገመድ ስትገዛ ኤስ-ቪዲዮና ቢጫ መሰኪያ አብሮ ያለውን ርካሽ ገመድ ተወው። በአንዳንዶቹ ውስጥ ቢጫው ከብርሃኑ ሽቦ ጋር ተጠጋግቶ ስለሚሮጥ ደማቅ ቀለም ባለበት ቦታ ሁሉ የዳማ ሰሌዳ የሚመስሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ቢጫ የሌለው፣ ለየሽቦው የራሱ መከላከያ ያለው ኤስ-ቪዲዮ ብቻ ፈልግ።